በሬው ሳይሸጥ፦ ቀጥታ የገንዘብ ድጋፍ በአንድ የጎንደር ገጠር ቤተሰብ ኑሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

በጎንደር ገጠር፣ በተለይም በምሥራቅና በምዕራብ በለሳ፣ በእብናት፣ በላይና በታች ጋይንት ተዳፋት ቀበሌዎች፣ ረሃብ የሚመጣው ድርቅ በታወጀበት ዓመት ብቻ አይደለም። ዝናቡ ደህና በነበረበት ዓመት እንኳ መሬቱ የጠበበው ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ የወቃው እህል ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ያልቅና ጎታው ይራቆታል። አዲሱ እሸት እስኪደርስ ያሉት ወራት ደግሞ የእርሻ፣ የዘርና የአረም ወራት በመሆናቸው ከቤተሰቡ ብዙ ጉልበት የሚጠየቀው ሆዱ ባዶ በሆነበት በዚያው ጊዜ ነው። የእህል ዋጋም ከዓመቱ ሁሉ የሚወደደው በእነዚሁ ወራት ነው። ገንዘብ በቀጥታ ለቤተሰብ መስጠት ምን እንደሚለውጥ ለመረዳት ከዚህ የወራት አለመገጣጠም መነሳት ይገባል።

ቀጥታ የገንዘብ ድጋፍ ሲባል መንግሥት ወይም የእርዳታ ድርጅት ስንዴ፣ ዘይት ወይም ምርጥ ዘር ገዝቶ ከማከፋፈል ይልቅ የግዢውን ውሳኔ ለቤተሰቡ ትቶ ብሩን በእጁ ወይም በሒሳቡ ማስገባቱ ነው። አንዳንዱ ድጋፍ በየወሩ ይከፈላል፣ አንዳንዱ አንድ ጊዜ በጥቅሉ ይሰጣል፤ አንዳንዱ በሥራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን አንዳንዱ ምንም ግዴታ የለበትም። በሁሉም ውስጥ ያለው እምነት አንድ ነው፤ የቸገረው ቤተሰብ ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል የሚል ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የበለሳ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ይኖራሉ፤ ሦስት ጥማድ ያህል ተዳፋት መሬት፣ አንድ በሬ፣ ጥቂት በጎችና ዶሮዎች አሏቸው። በሬው አንድ ስለሆነ ባልየው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ማለትም ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው አንድ ቀን ለእርሱ፣ አንድ ቀን ለጎረቤቱ ይውላሉ። በዚህ ቤት ሰኔ ላይ እህል ሲያልቅ የሚታሰቡት መውጫዎች ብዙ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸውም የተደበቀ ዋጋ አላቸው።

የመጀመሪያው ጥሪት መሸጥ ነው። በጎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ እነርሱ ካለቁ ዓይን በበሬው ላይ ያርፋል። ክፋቱ በዚያ ወር ከብት ለመሸጥ ወደ አርባያ ወይም ወደ ጎሃላ ገበያ የሚወጣው እርሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጎረቤቶቹም በተመሳሳይ ችግር ከብቶቻቸውን ስለሚያወጡ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ እህሉ ግን ተወዷል፤ በመሆኑም በጥር ቢሸጥ ብዙ ኩንታል ይገዛ የነበረ በሬ በሰኔ የሚያመጣው እህል በእጅጉ ያንሳል። በሬ የሌለው ሰው ደግሞ ከመቀናጆው ይወጣል። የሰው በሬ ለምኖ ዘግይቶ ያርሳል፣ ወይም መሬቱን ለእኩል ይሰጥና ከምርቱ ግማሹን ባለ በሬው ይወስዳል። የአንድ ክረምት ረሃብ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት የሚቆርጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ብድር ነው። አሁን የተወሰደ አንድ ጣሳ እህል በመኸር ከነወለዱ ይመለሳል፤ ገበሬው ተበድሮ የሚበላው እህል ውድ በሆነበት ወር ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው እህል በረከሰበት ወር ስለሆነ አራጣው ባይጨመርበት እንኳ ብዙ ያጣል። ሦስተኛው በረሃ መውረድ ነው። ከደጋውና ከወይና ደጋው ብዙ ወጣት አባወራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዶ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በቀን ሥራ ይቀጠራል፤ ይሁን እንጂ የሰሊጡ አረም ከራሱ ማሳ አረም ጋር ስለሚገጥም መሬቱን ለሚስቱና ለልጆቹ ጥሎ ነው የሚሄደው። ከዚያ ቆላ ይዘውት የሚመለሱት ወባና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ አደገኛ በሽታ) ለጎንደር ሐኪሞች እንግዳ አይደሉም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለካላዛር ብቻ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ሊኖረው የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አራተኛው አመጋገብን መቀየር ነው፤ ቀላል ይመስላል እንጂ አደጋው ከሌሎቹ አያንስም። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ የሚወደደው ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ችሎ ስለሚበቅል፣ ሌላው እህል ሲጠፋም በርካሽ ስለሚገኝ ነው። በመጠኑና ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ሲበላ ብዙም ጉዳት የማያደርሰው ጓያ፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይድን በሽታ ያስከትላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃውም ብዙ ጉልበት የሚያወጡ ወጣት ወንዶችን ነው። ጓያውን ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ለመቀላቀል የሚበቃ ጥቂት ብር በትክክለኛው ወር መገኘቱ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ እንዳይሄድ ሊያደርግ ይችላል። ስለ ገንዘብ ድጋፍ በሚደረጉ ክርክሮች ይህ ጉዳይ ሲነሳ አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ለዚህ ቤተሰብ ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ የተወሰነ ብር ቢደርሰው ለጎብኚ የሚታየው የተገዛው ማሽላና ልጆቹ የሚበሉት ተጨማሪ እንጀራ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በቤቱ ሳይደረግ የቀረው ነገር ነው፤ በሬው አልተሸጠም፣ መሬቱ ለእኩል አልተሰጠም፣ የዘር እህሉ አልተበላም፣ አባወራው በአረም ጊዜ በረሃ አልወረደም። ያልተደረገ ነገር ፎቶ አይነሳም፣ በሪፖርትም በቀላሉ አይቆጠርም፤ የድጋፉ ውጤት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው መጠኑ አንሶ የሚታየውም ለዚህ ይመስለኛል።

በአገራችን ይህ አሠራር በስፋት የተጀመረው በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት በየዓመቱ የተራቡትን ቆጥሮ የለጋሾችን እጅ ይጠብቅ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ የተረጂው ቁጥር 13 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ የስንዴው መርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ ብዙ ጥሪት ተሸጦ አልቋል። የሚራበው ሕዝብ በአብዛኛው በየዓመቱ ያው ከሆነ ለምን በየዓመቱ እንደ አዲስ አደጋ ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ ፕሮግራሙን ወለደ፤ በ1997 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በማይርቅ ሰው ተጀምሮ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ለመመረጥ ዋናው መስፈርት በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ መሆን ነው። መሥራት የሚችል የእርከን፣ የክትር፣ የመንገድና የተፋሰስ ሥራ ይሠራል፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሠራተኛ የሌላቸው ቤቶች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ክፍያቸው ሳይቋረጥ ከሥራው ነጻ ይሆናሉ።

በሥራ ለሚሳተፉት የክፍያው ስሌት በአንድ ሰው በወር አምስት የሥራ ቀን ሲሆን በዓመት ለስድስት ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ይቆያል። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ነበር፤ ገንዘቡም በጊዜው 3 ኪሎ ግራም እህል ይገዛል ተብሎ የተተመነ ነው። በዚህ ስሌት አምስት አባላት ያሉት ምሳሌያችን በወር 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኛል ማለት ነው፤ የ25ቱን ቀን ሥራ ደግሞ ሁለቱ ወላጆች ይካፈሉታል። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ በዚያን ጊዜ ግን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ማለት ነበር። በአራት ክልሎች የተካሄደ ጥናት በፕሮግራሙ አምስት ዓመት የቆየ ቤተሰብ የረሃብ ወራቱ በአንድ ዓመት ብቻ ከቆየው ይልቅ ከአንድ ወር በላይ እንዳጠሩለት አሳይቷል። የረሃብ ወር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አንድ ወር ትንሽ አይደለም፤ ሐምሌን ጠግቦ ያረመና ተርቦ ያረመ ሰው ማሳቸው ይለያያል።

ጥሬ ገንዘብ ትልቅ ድክመት አለው፤ ዋጋ ሲንር ይሟሽሻል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ የቀን ክፍያው ከ6 ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም የገበያውን ፍጥነት ሊከተል አልቻለም። በዚያ ወቅት የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት ቀድሞ ብር ይመርጡ የነበሩ ብዙ ተጠቃሚዎች ፊታቸውን ወደ እህል አዞሩ፤ ሦስት ኪሎ ስንዴ ዋጋው ወጣም ወረደም ያው ሦስት ኪሎ ነውና። ከዚህ የተነሳ ገንዘብ ወይስ እህል የሚለው ጥያቄ በሁሉም ቦታና ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። ገበያው ቅርብ፣ እህሉም በነጋዴ እጅ የሚገኝ ከሆነ ብር ይሻላል፤ መንገድ በተቆረጠበት፣ ነጋዴ በማይደርስበት፣ ወይም ዋጋ በየሳምንቱ በሚዘልበት ቦታ እህል ይሻላል። በአማራ ክልል ካለው የጸጥታ ችግር የተነሳ ገበያዎች በሚዘጉባቸው ሳምንታት በእጅ ያለ ብር ብዙ አይረዳም።

ያም ሆኖ እህል ብቻውን ያልተነገረ ወጪ አለው። ስንዴ የተሰጣት እናት ስንዴውን ለማስፈጨት የወፍጮ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ጨው፣ በርበሬና ሳሙናም ከስንዴ አይወጡም። ስለዚህ ከተሰጣት ላይ ቀንሳ ትሸጣለች፤ በዚያው ቀን ብዙ ሰው ስለሚሸጥም የምታገኘው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። ሩቅ ካለው የማከፋፈያ ጣቢያ ኩንታል ለማምጣት አህያ መከራየትም አለ። ብር የተሰጣት ግን የሚጎድላትን ያህል ብቻ ትገዛለች፣ የተረፋትንም ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ ልታውለው ትችላለች። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. ይህ መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ስለነበር የመዋጮው ጥቅም ለአካባቢው ሰው አዲስ ወሬ አይደለም፤ ድንገተኛ ሕመም ከረሃብ ቀጥሎ ከብት የሚያሸጥ ችግር ነውና።

ገንዘብ ከተሰጣቸው ይጠጡበታል የሚለው ስጋት በየቦታው ይነሳል። ስጋቱን በንቀት ማለፍ አይገባም፣ ነገር ግን መልስ አለው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ 19 ጥናቶችን መርምረው፣ የገንዘብ ድጋፍ ለመጠጥና ለትምባሆ የሚወጣውን ወጪ እንደማይጨምር፣ እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ እንደሚቀንሰው ደርሰውበታል። በእኛም ገጠር ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ እህል፣ ቀጥሎም ወደ ዕዳ ነው። ለእድርና ለማኅበር የሚከፈለውን እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ግን ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ቤተሰቡ ከእድሩ ከወጣ የሞት ቀን ብቻውን ይቀራል፣ ከማኅበርተኞቹ ከራቀም ክረምት ላይ በሬና ዘር የሚያበድረው አያገኝም፤ ስለዚህ ያ መዋጮ የድኻው ኢንሹራንስ ነው።

ሌላው ጥያቄ ገንዘብ ሲበዛ ገበያው ይወደዳል የሚለው ነው። ይህ በጎረቤታችን ኬንያ፣ በሲያያ አካባቢ በሰፊው ተፈትኗል። ከ10,500 በላይ ለሆኑ ድኻ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ተሰጥቷቸው፣ ተመራማሪዎች ገንዘቡ የደረሳቸውንም ያልደረሳቸውንም መንደሮች ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የዋጋ ጭማሪው አንድ በመቶ እንኳ ያልሞላ ሲሆን፣ የተሰጠው እያንዳንዱ ዶላር በአካባቢው ኢኮኖሚ ውስጥ ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ ፈጥሯል፤ ተቀባዩ ከጎረቤቱ ሲገዛ ጎረቤቱ ደግሞ ከሌላው ይገዛልና ምንም ያልተሰጣቸው ሰዎችም ተጠቅመዋል። ሲያያ ግን መንገድና የሞባይል ገንዘብ የተስፋፋበት አካባቢ ነው። ውጤቱን ሳይመረምሩ መኪና ወደማይደርስበት የጃናሞራ ወይም የበየዳ ቀበሌ ማዛወር ስህተት ነው፤ እህል ከውጭ ሊገባ በማይችልበት ቦታ ብዙ ብር ጥቂት እህል ሲያሳድድ ዋጋ መውጣቱ አይቀርም።

በየወሩ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል ወይስ አንድ ጊዜ በጥቅሉ ለሚለው ከዚያው ከኬንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት የሚረዳ መልስ ሰጥቷል። በየወሩ የተከፈላቸው ቤቶች በምግብ ረገድ ይበልጥ ተረጋጉ፤ በጥቅሉ የተከፈላቸው ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያና የመሳሰለ ዘላቂ ዕቃ የመግዛት ዝንባሌ አሳዩ። ለበለሳው ቤተሰብ ሲተረጎም የወሩ ክፍያ ያለው በሬ እንዳይሸጥ ያደርጋል፣ የጥቅሉ ክፍያ ሁለተኛውን በሬ ይገዛል። ሁለተኛ በሬ ያለው ሰው መቀናጆ ሳይጠብቅ ዝናቡ በጣለ ማግስት ያርሳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተሞከረውና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ሥራም ከብት፣ የምግብ ድጎማ፣ ሥልጠናና ክትትል አንድ ላይ ሲሰጡ ለውጡ ድጋፉ ካበቃ በኋላም እንደሚቆይ አሳይቷል።

ገንዘቡ በማን ስም እንደሚከፈል ደግሞ የቤቱን የውስጥ ሚዛን ይነካል። ቀድሞ ገንዘብ ያዡ ቀበሌ ድረስ መጥቶ ብሩን በእጅ ቆጥሮ ያስረክብ ነበር፣ የሚፈርመውም አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነበር፤ በባንክ ሒሳብና ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ቴሌብር ባሉ የስልክ አገልግሎቶች መክፈል ሲቻል በሚስት ስም መክፈል ቀላል ሆነ። ይሁንና ስልክ የሌላት፣ ወይም ስልኩ በልጇ እጅ የሆነ ማንበብ የማትችል እናት በስሟ የገባውን ብር ለማውጣት የሰው እጅ ትጠብቃለች። ሥራውም ራሱ ሸክም ነው፤ እናት እርከን ስትሠራ ስትውል ታላቋ ልጅ ከትምህርት ቀርታ ሕፃን ትይዛለች። ያለ ሥራ የሚሰጥ ድጋፍ ከዚህ ነጻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የድጋፉን ዕጣ የሚወስነው የሚደርስበት ቀን ነው። ሚያዝያ ላይ ይከፈላል የተባለው ገንዘብ ሐምሌ ላይ ቢመጣ በመዝገብ ላይ መጠኑ አልተለወጠም፤ በቤቱ ግን በሬው በገዛው ነጋዴ እጅ ነው፣ የተበደሩት እህልም ተበልቷል፤ ዘግይቶ የመጣው ብር በሬውን በተሸጠበት ዋጋ አይመልሰውም። መጠኑ አነስ ያለ ሆኖ ቀኑን የማያሳልፍ ክፍያ ብዙ ሆኖ ከሚዘገይ ይሻላል፤ ምክንያቱም ብሩ በወሩ 30 እንደሚመጣ እርግጠኛ የሆነ ሰው ገና ሳይደርሰው ከጎረቤቱ ያለ ወለድ ይበደርበታል፣ ነጋዴ በሬውን ሊገምት ሲመጣም አይሸጥም ብሎ ይመልሰዋል። ተመልማዮች ሲበዙ ለሁሉም እንዲዳረስ ተብሎ የአንዱን ድርሻ ለሁለትና ለሦስት ማካፈልም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ይህ የሚደረገው በበጎ አሳብ ቢሆንም ገንዘቡ የማንንም በሬ የማያድን ትንሽ ድጎማ ሆኖ ይቀራል።

ምረቃ የሚባለው፣ ማለትም ጥሪት ያፈራ ቤተሰብ ከፕሮግራሙ የሚወጣበት አሠራር፣ ለምሳሌያችን ቤተሰብ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለት በሬ ኖሮት ሁለት ደህና ክረምት ካለፈ። ጧሪ ለሌላት ባልቴት ግን አይሠራም። እርሷ መሬቷን ለእኩል የምትሰጠው በሬ ስለሌላት ብቻ ሳይሆን የሚያርስላት ሰው ስለሌለ ነው፣ የትኛውም የብር መጠንም ይህን አይለውጠውም። የሚለወጠው የምትዋዋልበት ወር ነው። ክረምቱን የምትበላው የሌላት ባልቴት ከአራሹ እህል አስቀድማ ትወስድና መኸር ላይ ከግማሿ ላይ ይቆረጥባታል፤ አንዳንዴም ከአውድማ የሚደርሳት እፍኝ ነው። በየወሩ የምትቀበለው ካለ ግን ቅድሚያ ሳትጠይቅ ትቆይና ታኅሣሥ ላይ ምርቱ ሲሰፈር አውድማው ዳር ቆማ ግማሿን ሙሉ ትቀበላለች።